ዊልቸር ብቻውን አይበቃም

በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በሜልበርን የተደረገ ንግግር



ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴው ይህን ጊዜ ስለ ሰጠኝ አመሰግናለሁ። ዛሬ የምናገረው ስለ ሽንት ነው። አዎ፣ በትክክል ሰምታችኋል። አባቶችና እናቶች በተቀመጡበት፣ ያውም ምሳ ሊቀርብ ሲል፣ እንዲህ ያለ ነገር ማንሣት በባህላችን ነውር እንደሆነ አውቃለሁ። ርዕሱን ለሊቀመንበራችን ስነግራቸው "ሌላ ቃል አይገኝለትም ወይ?" ብለውኝ ነበር። ፈለግሁ፤ አላገኘሁም። በዙሪያው እየዞርን ብዙ ዓመት ስለ ቆየን ዛሬ በስሙ ልጥራው። ታላላቆቼ ይቅርታ አድርጉልኝ።

ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2012 ሪንግ ሮድ ላይ በደረሰብኝ የመኪና አደጋ አንገቴ ተሰብሮ ህብለ ሰረሰሬ ተጎዳ። ጉዳቱ ያለው አንገት ሥር፣ ሐኪሞች ሲ ሰባት በሚሉት ቦታ ነው። እግሮቼ አይንቀሳቀሱም። ክንዴን አነሣለሁ፣ የእጄን አንጓ ወደ ላይ አጥፋለሁ፤ ጣቶቼ ግን ደካማ ናቸው። ስኒ በሁለት እጄ እይዛለሁ፣ የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ ግን አልችልም። ሰው ሲያገኘኝ "መቼ ትራመዳለህ?" ይለኛል። ከሐኪም በቀር "ሽንትህንስ እንዴት ታደርጋለህ?" ብሎ የጠየቀኝ የለም። ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብባል ግን፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከእግሬ ይልቅ ፊኛዬ እንዲመለስልኝ እመርጣለሁ።

በበዓላችን ላይ የሆነው

ከአደጋው በኋላ በሁለተኛው ዓመት ለእንቁጣጣሽ አዳራሽ ተሰብስበን ነበር። ያኔ ቋሚ ካቴተር ነበረኝ። ይህ ፊኛ ውስጥ የሚቀመጥ ቱቦ ነው፤ ሽንቱ በቱቦው ወርዶ እግር ላይ በታሰረ ከረጢት ይጠራቀማል። ከመኪና ወደ ዊልቸሬ ሲያወርዱኝ ቱቦው ጭኔ ሥር ታጥፎ ኖሯል። እኔ አይሰማኝም። ግማሽ ሰዓት ያህል እንደ ቆየሁ ጭንቅላቴን በመዶሻ የሚመቱኝ መሰለኝ። ፊቴ ቀላ፤ ግንባሬ በላብ ታጠበ፤ የክንዴ ፀጉር ቆመ።

ወገን ተሯሯጠ። አንዱ "ምች ነው" አለ። አንዲት እናት ጓሯቸው ዳማ ከሴ እንዳለ ተናግረው ልጃቸውን ሊልኩ ተነሡ። ሌላው የራስ ምታት ክኒን አመጣ። በመጨረሻም አዝነውልኝ፣ ወንበር ገጥመው አጋደሙኝ። ሁሉም በፍቅር የተደረገ ነው። ማጋደሙ ግን ሊገድለኝ ነበር።

ወጥ ቤት ስትሠራ የነበረች አንዲት ነርስ እህታችን እጇን በፎጣ እየጠረገች መጣችና "አንሡት! ቀጥ አድርጋችሁ አስቀምጡት!" ብላ ጮኸች። እግሬን ወደ ታች አወረደች፤ ቀበቶዬን ፈታች፤ ቱቦውን በእጇ እየተከተለች የታጠፈበትን አገኘች። ስታቃናው ከረጢቱ ሞላ። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ራስ ምታቱ ለቀቀኝ።

የዚህ ነገር ስም አውቶኖሚክ ዲስሬፍሌክሲያ ይባላል። የሚመጣው በአብዛኛው ህብለ ሰረሰሩ አንገት ላይ ወይም የላይኛው ደረት አካባቢ በተጎዳ ሰው ላይ ነው። ከጉዳቱ በታች ያለ አካል ሲጨነቅ የደም ሥሮች ይኮማተሩና የደም ግፊት በድንገት ይወጣል። ብዙ ጊዜ መነሻው የሞላ ፊኛ ነው። አንጎል "ቀንሱ" ብሎ የሚልከው ትእዛዝ በተጎዳው ቦታ አያልፍም። የእኔ ዓይነት ሰው በደኅናው ቀን የላይኛው የግፊት ቁጥሩ 90 ወይም 100 ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ለእናንተ ደኅና የሚመስል ቁጥር ለእኔ አደጋ ነው። ካልታከመ አንጎል ውስጥ ደም እስከ ማፍሰስ ያደርሳል።

ከንግግሬ ሁሉን ረስታችሁ ይህን ብቻ ብትይዙ ይበቃኛል። እንዲህ ያለ ሰው በድንገት ራሱን ካመመው፣ ፊቱም ካላበው፣ አታጋድሙት። ቀጥ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ልብሱን አላሉለት። ቱቦው ታጥፎ ወይም ተደፍኖ እንደሆነ እዩ፤ ከረጢቱን አጉድሉ። ወዲያው ካልተሻለው 000 ደውሉ።

ፊኛ ሲታወክ

ጤነኛ ፊኛ 400 ወይም 500 ሚሊ ሊትር ያህል ሲይዝ "ሞላሁ" የሚል መልእክት በህብለ ሰረሰር በኩል ወደ አንጎል ይልካል። አንጎልም "ቆይ" ወይም "ልቀቅ" ይላል። ስንሸና ፊኛው ይጨመቃል፤ በሩን የያዘው ጡንቻ ደግሞ ይላላል። ሁለቱ ተስማምተው ነው የሚሠሩት። ህብለ ሰረሰር ሲቆረጥ ስምምነቱ ይፈርሳል። አንዳንዱ ሰው ላይ ፊኛው ልፍስፍስ ይልና ሞልቶ ይፈስሳል። ሌላው ላይ ደግሞ ፊኛው ሲጨመቅ በሩም አብሮ ይዘጋል። መውጫ ያጣ ሽንት ወደ መጣበት ወደ ኩላሊት ይመለሳል። "ያንጠባጥበው የለ? እየሸና ነው ማለት ነው" የሚባለው ስሕተት ነው። የሚያንጠባጥብ ፊኛ ውስጡ ሞልቶ ሊሆን ይችላል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ህብለ ሰረሰሩ የተቆረጠ ወታደር አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ይሞት ነበር። የሚገድለው ስብራቱ ራሱ አልነበረም፤ የሽንትና የኩላሊት ኢንፌክሽን እና የአልጋ ቁስል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1944 ከናዚ ጀርመን ሸሽቶ እንግሊዝ የገባው ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን በስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል የህብለ ሰረሰር ክፍል ከፈተ። በሽተኞቹ በየሁለት ሰዓቱ ይገላበጡ ነበር፤ ፊኛቸው በጥንቃቄ ይጎድል ነበር፤ ከዚያም ሥራና ስፖርት ይጀምሩ ነበር። በ1948 በዚያ ግቢ 16 ሰዎች የተካፈሉበት የቀስት ውድድር ተደረገ። የዛሬው ፓራሊምፒክ የተወለደው ከዚያ ነው።

ስቶክ ማንዴቪል ለእኛ እንግዳ ስም አይደለም። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1969 በመኪና አደጋ ህብለ ሰረሰሩ ተጎድቶ የታከመው እዚያ ነው። በ1970 በዚያው ስቶክ ማንዴቪል ጨዋታ ላይ ዊልቸር ላይ ሆኖ በቀስት ተወዳድሯል። በ1973 በ41 ዓመቱ እስኪያርፍ ድረስ ዊልቸር ላይ ነበር። ፎቶውን ሁላችንም አይተናል፤ ዊልቸሩም ቀስቱም ይታያል። ጉትማን ግን ሕክምናውን የሚጀምረው ከቀስቱ በፊት ከፊኛና ከቆዳ ነበር። ያ ክፍል ፎቶ ላይ አይወጣም።

ሁለተኛው ትልቅ ለውጥ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። በአሜሪካ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሐኪም ጃክ ላፒደስና ባልደረቦቹ፣ በመካከላቸውም አንዲት ነርስ ነበረች፣ በሽተኛው በታጠበ እጅ ራሱ ካቴተር አስገብቶ፣ ሽንቱን አጉድሎ፣ መልሶ ማውጣት እንደሚችል ጻፉ። እስከዚያ ድረስ ይህ በጓንትና በተቀቀለ ዕቃ የሚደረግ የሐኪም ሥራ ነበር። ላፒደስ ያለው በአጭሩ ይህ ነው፤ ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ሽንቱ ውስጥ መቆየቱና ፊኛው መወጠሩ ነው፤ ስለዚህ በሰዓቱ ማጉደል ዕቃው ፈጽሞ ከጀርም የጸዳ ከመሆኑ ይበልጣል። ሳሙና፣ ውኃና ሰዓት። ይህን ዓረፍተ ነገር ያዙልኝ፤ ስለ አገራችን ስናገር እመለስበታለሁ።

የእኔ እጅ

ከአደጋው በኋላ የታከምኩት ሃይደልበርግ በሚገኘው ኦስቲን ሆስፒታል፣ ቀጥሎም ኪው ባለው ሮያል ታልቦት የተሐድሶ ማዕከል ነው። ቤት ስገባ ቋሚ ካቴተር ይዤ ነበር፤ የሚያጥበው፣ ከረጢቱን የሚያጎድለው፣ ሌሊት የሚቀይረው ሌላ ሰው ነበር። ሌላ ሰው ስል ባለቤቴን ነው። ከሌሊት ሥራ ተመልሳ ጫማዋን ሳታወልቅ መጀመሪያ የምታየው የእኔን ከረጢት ነበር። ያለ እርሷ ከቤት አልወጣም። እርሷም ያለ እኔ ለቅሶ እንኳ አትደርስም። አንድ ቀን ልጄ የትምህርት ቤት ዝግጅት ነበረባት፤ ባለቤቴ ሥራ ስለ ገባች ቀረሁ። ልጄ ምንም አላለችም። ዝምታዋ እስከ ዛሬ ያመኛል።

ያ የእንቁጣጣሽ ቀን ካለፈ በኋላ በሽንት ችግር ላይ የምትሠራ ነርስና የሥራ እጅ የምታሠለጥን ኦኩፔሽናል ቴራፒስት አገኘሁ። "ጣት የለኝም፤ እንዴት ራሴ አደርገዋለሁ?" አልኳቸው። ቴራፒስቷ "አንጓህን ወደ ላይ አጥፍ" አለችኝ። ሳጥፍ ጣቶቼ በራሳቸው ተሰበሰቡ። "ይኸውልህ፣ መያዣ አለህ" አለች። የቀረውን ዕቃ ይሞላል።

ዕቃዎቹን ልዘርዝር፤ ብዙዎቹ ተራ ነገሮች ናቸው። ሱሪዬ ላይ ዚፑ ረዘም ተደርጎ ተሰፋ፤ መጎተቻው ላይ አውራ ጣቴ የሚገባበት ቀለበት ታሰረ። ቀበቶዬ በቬልክሮ ተተካ። የውስጥ ልብሴን ወደ ታች ስቦ የሚይዝ መንጠቆ አለኝ። መዳፌ ላይ በማሰሪያ የምታሰር፣ ካቴተሩን ቆንጥጣ የምትይዝ ትንሽ መያዣ አለችኝ። ለዚህ ሥራ ሁለት እጅ ስለሚያስፈልግ እንደ ሁለተኛ እጅ የሚያገለግል መደገፊያም አለ። ካቴተሩ አስቀድሞ የለሰለሰና ከከረጢት ጋር የተያያዘ ነው፤ ስለዚህ መጸዳጃ ቤት ዘንድ መጠጋት ባልችል እንኳ መኪናዬ ውስጥ ሆኜ እጨርሳለሁ። ስልኬ በየአራት ሰዓቱ ይጮኻል፤ ዛሬም ሊጮህ ይችላል፤ አትደንግጡ።

የመጀመሪያው ቀን አንድ ሰዓት ፈጀብኝ። ሁለት ካቴተር ወለል ላይ ወደቀ፤ ሦስተኛው ገባ። ሽንቱ ወደ ከረጢቱ ሲወርድ ሳየው አለቀስኩ። አሁን አሥራ ሁለት ደቂቃ ይበቃኛል። ባለቤቴ ለዓመታት ነርሴ ሆና ኖራ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሚስቴ ናት። ከዚህ በላይ ማብራራት አያስፈልገኝም።

ይህ መንገድ ለሁሉ ሰው አይሆንም። ምርጫው ከሐኪም ጋር የሚወሰን ነው፤ ግን ምርጫ እንዳለ ማወቅ አለባችሁ። ለወንዶች እንደ ኮንዶም ከውጭ የሚጠለቅና ከእግር ከረጢት ጋር የሚያያዝ አለ፤ ይህ ግን ፊኛው በደንብ የሚጎድል መሆኑ ሲረጋገጥ ነው። ከእምብርት በታች በትንሽ ቀዳዳ የሚገባ ቋሚ ካቴተር አለ። ጣት የማይታዘዝለት ሰው የከረጢቱን መክፈቻ በእጁ ጀርባ ገፋ አድርጎ የሚከፍትበት ዘንግ አለ፤ እጁ ጭራሽ ለማይሠራ ደግሞ በባትሪ የሚከፈት አለ። ለሴቶች ሥራው ይከብዳል፤ ቦታው አይታይም። ለዚህ ጉልበትን ከፍቶ የሚይዝ መስተዋት ያለው መሣሪያ ተሠርቷል። ፈረንሳዊው ሐኪም ፖል ሚትሮፋኖፍ እ.ኤ.አ. በ1980 ይፋ ባደረገው ቀዶ ጥገና ደግሞ ትርፍ አንጀት ከፊኛ ወደ ሆድ ቆዳ የሚያደርስ መንገድ ይሆናል፤ አንዲት እህት ልብሷን ሳታወልቅ፣ ከዊልቸሯ ሳትወርድ፣ በእምብርቷ በኩል ፊኛዋን ታጎድላለች። እዚሁ ሜልበርን ኦስቲን ሆስፒታል ደግሞ የሚሠራውን ነርቭ ወደማይሠራው ጡንቻ የሚያዛውር ቀዶ ጥገና እየተደረገ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ላንሴት መጽሔት ላይ የወጣው ጥናት 13 ወጣቶች በዚህ ሕክምና እጃቸውን መልሰው መጠቀም እንደ ቻሉ ገልጿል። የሚዘጋና የሚከፈት እጅ ያለው ሰው ብዙ ነገር ለራሱ ያደርጋል።

እዚህ አገር ለምንኖር

ሜልበርን ያላችሁ እነዚህን ዕቃዎች ከኪሳችሁ ለመግዛት አትቸኩሉ። በቪክቶሪያ የመኪና አደጋ የደረሰበት ሰው፣ ጥፋቱ የማንም ይሁን የማን፣ እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ ቲኤሲ በሚባለው የትራንስፖርት አደጋ ኮሚሽን ይደገፋል። የእኔን ዕቃ የሚከፍለው እርሱ ነው። በሌላ ምክንያት ለተጎዳ፣ ዕድሜው ከ65 በታች ለሆነና ዜግነት ወይም ቋሚ መኖሪያ ላለው ብሔራዊው የአካል ጉዳት መድን፣ ኤንዲአይኤስ፣ አለ። ጽኑና ዘላቂ የሽንት ችግር ላለባቸው፣ መመዘኛውን ለሚያሟሉ፣ ለዕቃ መግዣ ዓመታዊ ክፍያም አለ። እንግሊዝኛ የማይቀናችሁ በ131 450 አስተርጓሚ ጠይቃችሁ ብሔራዊውን የሽንት ምክር መስመር 1800 33 00 66 እንዲያገናኙላችሁ ማድረግ ትችላላችሁ፤ የሚመልሱት ነርሶች ናቸው።

አንድ ምክር ልጨምር። ሽንት ደፈረሰ ወይም ሸተተ ብሎ ብቻ አንቲባዮቲክ መውሰድ ልክ አይደለም። ካቴተር የሚጠቀም ሰው ሽንት ውስጥ ብዙ ጊዜ ጀርም ይገኛል። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ከወትሮው የበዛ የእግር መንቀጥቀጥ፣ ወይም ያ የነገርኳችሁ ራስ ምታት ሲመጣ ግን ቶሎ ሐኪም ጋ መሄድ ነው።

የአክስቴ ልጅ

አሁን ወደ መጣሁበት ጉዳይ ልግባ። ይህ ለእኔ ከባድ ነው።

የአክስቴ ልጅ ባሕር ዳር ሕንፃ ሲሠራ ከመወጣጫ ላይ ወድቆ ወገቡ ተሰበረ። ከሆስፒታል ወጥቶ እናቱ ቤት ገባ። ማኅበራችን ዊልቸር ላከለት። ታስታውሳላችሁ፤ ዊልቸሩን ሲረከብ የተነሣው ፎቶ በዚሁ መጽሔታችን ላይ ወጥቶ ነበር፤ ስናየው ደስ ብሎን ነበር። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር።

በየሁለት ሳምንቱ እደውልለት ነበር። ስለ ኳስ እናወራለን፤ ስለ እናቱ እናወራለን። "ከቤት ትወጣለህ ወይ?" ስለው "አዎ፣ አንዳንዴ" ይለኛል። አይወጣም ነበር። በኋላ እንደ ሰማሁት ልብሱ ስለሚረጥብ፣ ሽታውን ሰው እንዳያውቅበት፣ ጓደኞቹ ሲመጡ "ተኝቷል በሉ" ይል ነበር። እንዳይረጥብም ብሎ ውኃ መጠጣት ትቶ ነበር። አክስቴ ሌሊት ጨርቅ ትቀይርለታለች፤ ሲነጋ ሰው ሳያያት ወንዝ ወርዳ ታጥባለች። ፊኛው ሁልጊዜ ሞልቶ ነው የሚያንጠባጥበው። ትኩሳት ሲይዘው ክኒን ይገዛለታል፤ ይሻለዋል፤ ደግሞ ይይዘዋል። በሁለተኛው ዓመት ፊቱና ሆዱ አበጠ። ኩላሊቱ ነበር። ሠላሳ ዓመት ሳይሞላው አረፈ።

ለለቅሶ የሄደ ወንድሜ ዊልቸሩን ጓዳ ውስጥ አየው። የመቀመጫው ላስቲክ እንኳ አልተነሣም ነበር።

ወገኖቼ፣ እኔ የሚያስፈልገውን አውቅ ነበር። እዚህ ተቀምጬ በየአራት ሰዓቱ የማደርገውን ነገር ለእርሱ ለመንገር አፈርኩ። ወንድ ለወንድ፣ ዘመድ ለዘመድ፣ በስልክ፣ አፈርኩ። እርሱም እኔን ለመጠየቅ አፈረ። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ይባላል። እዚህ ላይ የሸሸገው እርሱ ብቻ አልነበረም፤ እኔም ነበርኩ። ዛሬ እዚህ የቆምኩት ስለዚህ ነው።

ምን እናድርግ?

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ ከህብለ ሰረሰር ጉዳት ጋር የሚኖሩ ሰዎች ከ15 ሚሊዮን ይበልጣሉ። ከሌላው ሰው ይልቅ ያለ ዕድሜያቸው የመሞት አደጋቸው ከሁለት እስከ አምስት እጥፍ ነው፤ የሚከፋውም ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። እንደ አክስቴ ልጅ ያለ ሰው በየወረዳችን አለ፤ አንዱ ከባሕር ዛፍ ወድቆ፣ አንዱ ከጭነት መኪና ላይ፣ አንዱ በጥይት።

ግን ተስፋ የሚሰጥ ነገርም ከአገራችን አለ። ስለ ሽንት ለማፈር ከእኛ አገር የፊስቱላ እናቶች የበለጠ ማን ተፈተነ? ከዚህ ከአውስትራሊያ የሄዱት ሐኪሞች ሬጂናልድና ካትሪን ሃምሊን እ.ኤ.አ. በ1959 አዲስ አበባ ገቡ፤ በ1974 የፊስቱላ ሆስፒታሉን ከፈቱ። ባሕር ዳር ያለው ማዕከል በ2005 ተከፍቷል። ዶክተር ካትሪን በ2020 አዲስ አበባ ላይ እስኪያርፉ ድረስ ከዚያች አገር አልተለዩም። እነርሱ ሲጀምሩ ፊስቱላ ስሙ የማይነሣ፣ ሴቲቱን ከመንደር የሚያስወጣ ነገር ነበር። ዛሬ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በግልጽ ታስተምርበታለች። ነውሩ ተሸነፈ ማለት ነው። ይህኛውም ይሸነፋል።

በኡጋንዳና በኬንያ ደግሞ ስፓይና ቢፊዳ ይዟቸው የተወለዱ ሕፃናት እናቶች የልጆቻቸውን ፊኛ በካቴተር ማጉደል ተምረው፣ ልጆቹም ሲያድጉ ራሳቸው እያደረጉት፣ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። የሚጠቀሙት ካቴተር ታጥቦ ደርቆ ደግሞ የሚሠራበት ነው። እዚህ ሜልበርን እኔ አንዱን ካቴተር አንዴ ተጠቅሜ እጥለዋለሁ፤ በቀን አምስት፣ በዓመት ወደ 1,800 ይሆናል። ይህን ወደ ወረዳችን እንላክ ብንል አንችልም። ብንችልም፣ መላኩ የቆመ ዕለት ሰውየው ይሞታል። በሳሙና ታጥቦ፣ በንጹሕ ውኃ ተለቅልቆ፣ ደርቆ፣ በንጹሕ ዕቃ የሚቀመጥ ካቴተር ግን ይቻላል። ሳሙና፣ ውኃና ሰዓት ያልኳችሁን አስታውሱ።

ስለዚህ ለጉባኤው ሦስት ነገር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ከእንግዲህ ዊልቸር ስንሰጥ ብቻውን አንስጥ። ከእያንዳንዱ ዊልቸር ጋር ታጥበው የሚያገለግሉ ካቴተሮች፣ ማለስለሻ፣ መስተዋት፣ መቀመጫ ፍራሽና የሚጮህ ሰዓት አብረው ይሂዱ። የካቴተሩን ልክና ዓይነት ግን እኛ ከዚህ አንገምት፤ ለወንድና ለሴት፣ ለልጅና ለአዋቂ ይለያያል፤ የሚያክመው ሰው ይንገረን።

ሁለተኛ፣ ከዕቃው በፊት ሰው ይሠልጥን። ከወረዳችን ሆስፒታል ሁለት ነርሶች፣ አንዷ ሴት ብትሆን፣ ይህን የሚያስተምሩበት ዕድል እናመቻች። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የፊዚዮቴራፒ ትምህርት ክፍልና ማኅበረሰብ አቀፍ የተሐድሶ ሥራ አለው፤ ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች አሉ። ከእነርሱ ጋር ሳንመክር አንድ ሳጥን እንኳ አንላክ። ዕቃ የሚያስተምር ሰው ከሌለው ያው እንደ ዊልቸሩ ጓዳ ይገባል።

ሦስተኛ፣ ሰው ከሰው ጋር እናገናኝ። እዚህ ራሴን ያስቻሉኝ ነርሷና ቴራፒስቷ ናቸው፤ ድፍረት የሰጠኝ ግን ዊልቸር ላይ ተቀምጦ "እኔ እንዲህ ነው የማደርገው" ያለኝ ሌላ ሰው ነው። እኔ በስልክ ዝግጁ ነኝ። ከወረዳችን እንዲህ የተጎዳ ሰው ካለ፣ ፈቃዱን ጠይቃችሁ፣ ለኮሚቴው ስልኩን ስጡ። እደውልለታለሁ። በዚህኛው ጊዜ ስለ ኳስ አልጀምርም።

ገንዘቡ ብዙ አይደለም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ከባዱ ነገር ዛሬ ያደረግነው ነው፤ ስሙን መጥራት።

አክስቴ ይህን ንግግር እንደማደርግ በስልክ ነግሬያቸው ነበር። የልጃቸውን ነገር በአደባባይ ላነሣ እችል እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ትንሽ ዝም ብለው "ተናገር፤ ሌላዋ እናት ወንዝ እንዳትወርድ" አሉኝ። ስለ ፈቀዱልኝ አመሰግናቸዋለሁ።

 ምሳችሁን በደስታ ብሉ። ጥያቄ ያለው፣ በሰው ፊት መጠየቅ የሚያፍርም ቢሆን፣ ከምሳ በኋላ በዚያ በመስኮቱ በኩል ታገኙኛላችሁ።